ጅግራና ዶሮ በአንድ ግቢ

«ከዶሮዎቼ ጋር ጅግራ ባረባ ይስማማሉ?» ለምትሉኝ፣ አዎ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ይስማማሉ።

እንደ እንስሳት ሐኪም የማየው ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእቅፉ ነው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ካሳቀፋችኋት፣ ዶሮዋ የራሷን ጫጩቶች ይዛ ትነሳና የጅግራው እንቁላል ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው ይቀዘቅዛል። በውስጡ እኮ ነፍስ ያለው ጫጩት ነበር! ስለዚህ ለዚያች ዶሮ የጅግራ እንቁላል ብቻ አሳቅፉ። በዶሮ ያደገ ጅግራ ማታ ወደ ቤት መግባትንም ከእሷ ይለምዳል፤ አለዚያ ዛፍ ላይ ማደር ይወዳል፣ እዚያ ደግሞ ጉጉት አለ።

የጅግራ ጫጩት እርጥበት አይችልም። የጠዋቱ ጤዛ ሳይደርቅ አታውጡት። የውኃ ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ጨምሩ፣ ገብቶ እንዳይሰምጥ። መኖውም ከዶሮ ጫጩት መኖ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ 24 በመቶ ገደማ።

ካደጉ በኋላ ወንዱ ጅግራ፣ በተለይ በእርባታ ወቅት፣ አውራ ዶሮውን እያሯሯጠ ላባውን ይነጫል። ጠባብ ቤት ውስጥ ከዘጋችሁባቸው አውራው መሸሻ ያጣል። መመገቢያውን ሁለት ሦስት ቦታ አራርቃችሁ አስቀምጡ።

ፈንግልን አደራ! «ጅግራ ጠንካራ ነው» ተብሎ ክትባት ሲታለፍ አያለሁ፤ በሽታው ግን እሱንም ይይዛል። ዶሮዎቹን ስታስከትቡ ጅግራዎቹንም አስከትቡ። አዲስ የገዛችሁትን ደግሞ ከነባሮቹ ሳትቀላቅሉ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ለብቻው አቆዩት።