ሐርላን የገነቡት ግዙፎች አልነበሩም

በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው በሐርላ መንደር ገበሬዎች ሲያርሱ የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ያገኙ ነበር። ጥንታዊዎቹ ግንቦች የተሠሩባቸው ድንጋዮች ተራ ሰው የሚያነሣቸው ስለማይመስሉ፣ ከተማዋ የግዙፎች ናት የሚል አፈ ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆየ።

በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ያካሄደው ቁፋሮ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ የሙስሊሞች መቃብርና የመቃብር ድንጋዮች ተገኙ። የጌጣጌጥ መሥሪያ ዶቃ፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲሞችም ነበሩ። መስጂዱ በሶማሌላንድና በደቡብ ታንዛኒያ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አፅምም ታይቶ ግዙፍ አልተገኘም። የመንደሩ ሰው ግን ገና ሙሉ በሙሉ ያመነ አይመስልም ብለዋል ፕሮፌሰሩ፤ አንፈርድበትም!

ይህ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውም ያስተማርነውም የኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ ከነጃሺ ተነሥቶ ወደ ኢማም አሕመድ ዘመን ይዘላል። መካከል ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ባዶ ይመስላሉ። ባዶ አልነበሩም። በትግራይ ኲሓ አጠገብ በቢለት ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች አሉ። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ አንዳንዴም የሞተበትን ቀን በሂጅራ አቆጣጠር ይነግረናል። ታሪክ ጸሐፊ ያልመዘገበውን ማኅበረሰብ ድንጋዩ ይመዘግበዋል።

ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ እንምጣ። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው የቅፍለት መንገድ በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ይወርድ ነበር፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ጀበርቲ ሙስሊሞች ነበሩ። መንገደኛ በየመንገዱ ይሞታል፣ ይቀበራል። በዳባት፣ በደባርቅና በበየዳ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ቀብር ካለ ለአጥርና ለቤት መሠረት ድንጋዩን አታንሱ። የሸሪዓው የቀብር ክብር እንዳለ ሆኖ፣ ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ የሚናገረው ግማሹ ይጠፋል። ጽሑፍ ያለበት ካገኛችሁ ባለበት ፎቶ አንሡት፣ የቀበሌውን ስም ያዙ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ዐረብኛ የሚያነብ የመስጂዱ ኢማም ቢያየውም መልካም ነው፤ ግን መቆፈሩን ለባለሙያ ተዉት።