የሠራተኛው ዜና በላስታ ደጋ

በላስታ ምድር የአገልጋይ መብትና ግዴታ በጽሑፍ መስፈር የጀመረው ትናንት አይደለም። ንጉሥ ላሊበላ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 13ኛው መባቻ ድረስ በነገሠበት ዘመን ያጸናው የጉልት ስጦታ፣ በጊዜው ከነበሩት ሹማምንት ስምና ማዕርግ ጋር፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው በሐም ደብረ ሊባኖስ ወንጌለ ወርቅ ውስጥ ተጽፎ እስከ እኛ መዋዕል ደርሷል። ጸሐፍቱ ለዚህ ጉዳይ ወንጌልን የሚያህል መጽሐፍ መምረጣቸው በከንቱ አልነበረም፤ በቃል ብቻ የተነገረ ሥርዓት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንደሚለወጥ፣ ተናጋሪው ሲሞትም አብሮት እንደሚቀበር ያውቁ ስለ ነበር፣ የሰጪውንም የተቀባዩንም ውል ማንም በማይደፍረው ብራና ላይ አኖሩት።

በሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ አብያተ ክርስቲያናት የሚኖረው የአገልግሎት ሥርዓትም ከዚሁ መንፈስ የራቀ አይደለም። ካህኑና ዲያቆኑ በየሰሞኑ ተመድበው ያገለግላሉ፤ ማን መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ሰሞነኛው ተራውን በወሬ አይፈልግም። ለድካሙም የሰሞን መሬት ይታሰብለት ነበር፤ ይህም የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ የቆየ ነው። የሥርዓቱን በጎና ክፉ ጎን መመርመር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን አገልጋዩ የሚገባውንና የሚጠበቅበትን ሁለቱንም ጠንቅቆ ያውቅ እንደ ነበር ነው።

የዛሬው የኮሌጅ ሠራተኛ፣ መምህሩም ሆነ ጸሐፊዋ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውም ሆነ ሌሊቱን በብርድ የሚያነጋው ዘበኛ፣ ለድካሙ የተሰፈረለት መሬት የለውም። ያለው ደመወዝ፣ ደረጃ፣ የዓመት ፈቃድና ጡረታ ነው፤ እነዚህም ሁሉ ሕይወታቸው በወረቀት ላይ ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን በዓይኑ እያየ ይጠብቀዋል፤ ሠራተኛው ግን መብቱ ሲጨመርም ሆነ ሲቀነስ የሚያየው በደብዳቤና በማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ ዜናው ያልደረሰው ሠራተኛ መብቱን እንደ ተነጠቀ ሰው ይቆጠራል። እኔ የመሥሪያ ቤት ዜና ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚከፈል ዕዳ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይሆን የሚያደርገው የመጀመሪያው ምክንያት ሕጉ ራሱ ለሁሉም አንድ አለመሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጉዳዩም በፌዴራሉ አዋጅና በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይታያል። በወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም በላሊበላ ከተማ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የሚያስተምረው ደግሞ የአማራ ክልል ሠራተኛ ስለሆነ የሚገዛው ክልሉ ባወጣው ሕግ ነው። በግል ኮሌጅ የተቀጠረው ሦስተኛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ጎረቤታሞች ሆነው በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና ሲጠጡ፣ አንዱ ስለ ዓመት ፈቃዱ ያወራው ለሌላው ሕግ መስሎ ይታየዋል። እስከ 2017 ዓ.ም. የጸናው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጥና በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ያደርስ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ግን የሚነሣው ከ16 የሥራ ቀን ነው፤ ጭማሪውም በሁለት ዓመት አንድ ቀን ነው። ይህን ልዩነት የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ የግል ኮሌጁ መምህር ያልተበደለውን ተበደልሁ ሊል ይችላል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ በእውነት የተበደለው ሰው ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ በየጊዜው መለወጡ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ1994 ዓ.ም. በቁጥር 262፣ በ1999 ዓ.ም. በቁጥር 515፣ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1064፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 1353 ወጥቷል። እንግዲህ በ1995 ዓ.ም. የተቀጠረ የመንግሥት ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ በአራት አዋጆች ተዳድሯል ማለት ነው። ከመጋቢት 1934 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታችን ሕግ የሚወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ እያንዳንዱን አዋጅ አትሞ አውጥቷል፤ አዋጅ በጋዜጣ መውጣቱና ለሠራተኛው ጆሮ መድረሱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መሙላት ያለበት የኮሌጁ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው።

ይህ ክፍል ዜናውን የሚያደርሰው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወረቀት አለ። ከአናቱ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ «ለሁሉም የሥራ ክፍሎች»፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ከግርጌው ፊርማና ክብ ማኅተም፣ ከማኅተሙም በታች «ግልባጭ» የሚል ረዥም ዝርዝር ይኖረዋል። ደብዳቤው ከኃላፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ በወጪ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው። በክረምት ጊዜ መስተዋት የሌለው ሰሌዳ ከሆነ ቀለሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ሌላ ማስታወቂያም ከላዩ ይለጠፍበታል። ይዘቱን ብንመለከተው ደግሞ ብዙ ጊዜ «በተጠቀሰው አንቀጽ መሠረት» የሚል እንጂ አንቀጹ ምን እንደሚል፣ ማንን እንደሚመለከት፣ ቅሬታ ያለው ሰውም ለማን እና እስከ መቼ ማቅረብ እንዳለበት አይናገርም። ማንበብ የማይችለው የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ በፊቱ ሲያልፍ የሚያየው ማኅተሙን ብቻ ነው። ይህ ቸልታ ነው፤ ታናሽ ቸልታም አይደለም።

የላስታ መልክዓ ምድር በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ከላሊበላ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ሰሜን ወሎ ዞን መናገሻ ወደ ወልድያ የሚወርድ ሰው ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የተራራ መንገድ ይጠብቀዋል። አንዲት ግልባጭ ለማውጣት፣ አንዲት ፊርማ ለማስፈረም ይህን ጎዳና የሚመላለስ ሠራተኛ የሚያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብና የሚያባክነው የማስተማሪያ ሰዓት በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ላሊበላ ገባ፤ ወልድያም ከጥቂት ቀን በኋላ ተከተለች፤ አካባቢውም መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦበት ለወራት ከረመ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመም፤ በሰሜን ወሎ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን አጡ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰና በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ከዚያ በፊት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን በቴሌግራም ማድረስ ለምደው ነበር፤ መሣሪያው ቀላልና ፈጣን መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በአንድ መሣሪያ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል የላስታና የወሎ ሠራተኛ ከማንም ይልቅ በራሱ ላይ አይቶታል።

የጠፋ ወረቀት ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በጡረታ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ብንቆይ አይከፋም። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ 25 ዓመት ያገለገለች፣ አማካይ ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እናስብ። ማኅደሯ ሙሉ ከሆነ የሚገባት 48.75 በመቶ፣ ማለት በወር 5,850 ብር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የቅጥር ደብዳቤ ጠፍቶ አገልግሎቷ 22 ዓመት ብቻ ሆኖ ቢቆጠር ግን 45 በመቶ፣ 5,400 ብር ይሆንባታል። በወር 450 ብር እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ይቀርባታል፤ ምክንያቱም ስንፍናዋ ወይም ጥፋቷ ሳይሆን አንዲት ገጽ ወረቀት ናት።

የዕድሜ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር በሚሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያሰፈረው የትውልድ ዘመን ለጡረታው መሠረት ይሆናል፤ ኋላ ተምሮ ወይም ጠይቆ ቢያርመው ተቀባይነት የለውም። የልደታቸውን ቀን በበዓል፣ ዓመቱንም በድርቅ ወይም በንጉሥ ዘመን በሚያስታውሱ ወላጆች እጅ ላደገ የደጋ ልጅ ይህ ከባድ ነገር ነው። ቅጹን በሚሞላበት በዚያች ጠዋት «ይህች ቁጥር እስከ መጨረሻው ትከተልሃለች፤ ቤትህ ሄደህ ጠይቀህ ና» ብሎ የሚነግረው አንድ አስተዋይ የሰው ሀብት ሠራተኛ ቢያገኝ፣ ያ ሠራተኛ ለዚያ ወጣት የዕድሜ ልክ ውለታ ዋለለት ማለት ነው።

በቅርቡ የሆነውንም እንመልከት። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ሲወሰን፣ ዜናው ከሬዲዮና ከስልክ ወደ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ቀን ገብቷል። ወሬ ግን ስለ ጠቅላላው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይናገርም። አንድ የኮሌጅ ሠራተኛ ማወቅ የሚሻው የእርሱ ደረጃ በአዲሱ ስኬል የት ላይ እንዳረፈ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚከፈለው፣ ከዚያ ላይ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ስንት እንደሆነ ነው። ይህን የሚመልስለት የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲዘገይ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ በግምትና በጥርጣሬ ይሞላል፤ ሠራተኛው ገንዘብ ቤቱን፣ ገንዘብ ቤቱም ኃላፊውን ይጠረጥራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ስለ ደመወዝ ጥያቄያቸው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል፤ ያ ሁሉ የዜና ጉድለት ውጤት ነው አልልም፣ ዋናው ነገር የኑሮው ክብደት ነበርና፤ ሆኖም ለተጠየቀ ጥያቄ በጊዜው ግልጽ መልስ ቢሰጥ ቁጣ እንደሚበርድ ማንኛውም አስተዳዳሪ ያውቃል።

ለላስታና ለአካባቢው ኮሌጆች መሪዎች የማቀርበው ልመና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየወሩ አንድ ገጽ የሠራተኛ ዜና ይውጣ፤ ቋንቋው ገበያ ላይ የምንነጋገርበት አማርኛ ይሁን፤ ክፍት የሥራ ቦታው፣ የደረጃ እድገት ውጤቱ ከነምክንያቱ፣ ዝውውሩ፣ አዲስ የወጣው መመሪያና የቅሬታ ማቅረቢያው ቀነ ገደብ ይስፈርበት። ሰሌዳው በዋናው በር አጠገብ፣ ከሁሉ በፊት ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ በሚያልፉበት ሥፍራ ይቁም፤ በወርኃዊው ስብሰባ ላይም ዜናው ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብ። መስመሩ ሲኖር በቴሌግራም ይላክ፤ መስመሩ ቢጠፋም ወረቀቱ በእጅ ይዳረስ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ማኅደር ሁለተኛ ቅጂ ከኮሌጁ ውጭ፣ ጦርና እሳት በአንድ ቀን ሁለቱንም በማያገኙበት ሥፍራ ይቀመጥ። ይህን የሚሠራው የሰው ሀብት ባለሙያም ልፋቱ ይታወቅለት፤ በብዙ ኮሌጅ የእርሱ ክፍል እንደ መጋዘን የሚታይ ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በኮሌጅ የሚሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ጎራ ብለው ማኅደርዎን እንዲያሳዩዎ ያድርጉ፤ የቅጥር ደብዳቤዎ፣ የደረጃ እድገትዎ፣ የዝውውርዎና የትምህርት ማስረጃዎ በውስጡ መኖሩን ገጽ በገጽ ያረጋግጡ፤ የጎደለ ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ለራስዎም አንዳንድ ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ፤ ባለቤትዎና ልጆችዎም የት እንዳስቀመጡት ይወቁ።