የንጉሥ ፈቃድ የያዘ ወንበዴ? የካፒቴን ኪድ ጉዳይ

ከኩታበር ደሴ ገብታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ከወደብ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ተሳቢዎችን ሳታዩ አትቀሩም። ይሄ መንገድ ድሮ አሰብ ያደርስ ነበር። ከአሰብ ወደ ደቡብ ትንሽ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ቀይ ባሕር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪሆን የሚጠብበትን ባብ ኤል መንደብን ታገኛላችሁ። ጥያቄያችን የሚጀምረው እዚያ ነው፦ የሰው መርከብ ዘርፎ "ሕጋዊ ነኝ" ማለት ይቻላል?

በአንድ ዘመን ይቻል ነበር። የባሕር ኃይል መገንባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የአውሮፓ መንግሥታት ጦርነት ሲነሣ ለግል መርከቦች የፈቃድ ደብዳቤ ይሰጡ ነበር፤ የጠላትን የንግድ መርከብ እንዲማርኩ። እነዚህ ፕራይቬቲር ይባላሉ። መርከቡም፣ መድፉም፣ ቀለቡም ከባለሀብቶች ኪስ ነው። በእኛም አገር ደመወዝ የሌለው ዘማች ከገበሬው እየበላ የሚዋጋበት ዘመን ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ይህን ለማስቀረት ለወታደሩ ደመወዝ ለመክፈል ሞክረዋል።

የፕራይቬቲሩ ሥርዓት ግን ቁጥጥር ነበረው። ምርኮው እንደተያዘ አይከፋፈልም። መጀመሪያ ልዩ ፍርድ ቤት የመርከቡን ሰነድ ይመረምራል። የጠላት ከሆነ ይሸጥና መንግሥት፣ ባለሀብቶቹና መርከበኞቹ ይካፈላሉ፤ ካልሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል። ኢንጂነር ሆኜ ሳየው ዲዛይኑ አይከፋም፣ ግን አንድ ደካማ ቦታ አለው፦ ብዙ ጊዜ ምርኮ ከሌለ ክፍያም የለም። ፍርድ ቤቱ ያለው ደግሞ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ባሕር ላይ የተራበ መርከበኛን ማን ይቆጣጠረዋል?

ዊሊያም ኪድ እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው የወደቀው። እ.ኤ.አ. በ1696 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዊሊያም ሦስተኛ ፈቃድ አገኘ፦ የፈረንሳይ መርከቦችንና የባሕር ወንበዴዎችን እንዲይዝ። ባለ 34 መድፍ መርከቡ ሸራም መቅዘፊያም ነበራት፤ ነፋስ ሲጠፋ ትቀዘፋለች። ወጪውን ከሸፈኑት መካከል የእንግሊዝ ታላላቅ መኳንንት ነበሩ።

ምርኮ ግን ጠፋ። በ1697 ኪድ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ ፔሪም ደሴት አጠገብ መልሕቁን ጥሎ ከሞካ የሚወጡትን የሕንድ ሙጋሎች መርከቦች ይጠብቅ ጀመር። ልብ በሉ፤ ሙጋሎች የእንግሊዝ ጠላት አልነበሩም! አጃቢ መርከብ ተኩስ ስለከፈተበት ሳይሳካለት ተመለሰ። በጥር 1698 ግን የአርመን ነጋዴዎችን ዕቃ የጫነችውን ኬዳ መርቻንት ሕንድ አጠገብ ማረከ። መርከቧ የፈረንሳይ የይለፍ ወረቀት ይዛ ነበር። ለኪድ ይህ ወረቀት "ምርኮዬ ሕጋዊ ነው" የሚልበት ዋና ማስረጃው ሆነ።

ለንደን ላይ ሲከሰስ ወረቀቶቹ እንዲቀርቡለት ጠየቀ፤ አልቀረቡም። በግንቦት 1701 ተሰቀለ። ወረቀቶቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያው ለንደን፣ የመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኙ። ቢቀርቡ ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር? አይመስለኝም። የራሱን መድፈኛ በባልዲ መትቶ በመግደሉም ተፈርዶበት ነበርና። የውንብድናው ክስ ግን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1856 የፓሪስ ስምምነት ፕራይቬቲርን ከለከለ። አሜሪካ አልፈረመችም፤ ይህን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ለኮንግረሱ የሚሰጠው የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።