አያት ስንት ዓመቷ ነበር?

በእስራኤል፣ በቤኤር ያዕቆብም ሆነ በአቅራቢያዋ ባለችው ረሆቮት፣ ከጎንደር የመጣች የቤተ እስራኤል አያት ስታርፍ ቤተሰቡ እንባው ሳይደርቅ የሚወስነው ነገር አለ። የመቃብሯ ድንጋይ ላይ ስንት ዓመት ኖረች ተብሎ ይጻፍ? መታወቂያዋ ላይ ዓመት አለ። ያን ዓመት የጻፈው ግን ብዙ ጊዜ እስራኤል ስትገባ የመዘገባት ሠራተኛ ነው፤ ከልጆቿ ዕድሜ ተነሥቶ፣ ገምቶ።

በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜንና በወልቃይት መንደሮች የልደት መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓመቱን የሚያስታውስ ዘመድ ቢገኝም ሌላ ጣጣ አለ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይላል። በ1933 ዓ.ም. የተወለደች ሴት፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ እንዳለ 1933 ተብሎ ቢመዘገብባት፣ መዝገብ ቤት በር ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች። በመታወቂያ ዕድሜ ጡረታ በሚቆረጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቤተሰቡ ዕድሜን የሚቆጥረው እንደ ጥንቱ በድርጊት ነው። ጣሊያን ሲገባ ዳዴ ትል ነበር? ሲወጣስ ከብት ትጠብቅ ነበር? ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚያው ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። በዚያ ኅዳር በእናቷ ጀርባ ታዝላ የነበረች ሕፃን በ2018 ዓ.ም. 85 ዓመት ገደማ ይሆናታል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ደግሞ የበኩር ልጇን ድራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከድርጊት ድርጊት እየተያያዘ ሲቆጠር ከመታወቂያው ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ዕድሜ ይወጣል።

ከጦርነትና ከአዋጅ ሌላ ሴቶቹ የሚተማመኑበት የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። በቤተ እስራኤል ሥርዓት አራስ ከቤተሰቧ ተለይታ ጎጆ ውስጥ ትሰነብት ነበር፤ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን። የማኅበረሰቡ በዓል ሲግድ የሚውለው ከአስተሥርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ነው። እንግዲህ አንዲት እናት «እሷን ወልጄ ከጎጆ ስወጣ ሲግድ ደረሰ» ካለች፣ ልጅቷ የተወለደችው በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ነው ማለት ነው። ጽሕፈት የማታውቅ እናት ወሩን ይህን ያህል አቅርባ ትነግራለች፤ የሚጠይቃትና የሚያሰላላት ሰው ካገኘች።

የጉዞው ዘመን ሲደርስ መቁጠሩ ይከብዳል። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የወጡት ሰዎች ከየመንደራቸው የተነሡት በእግራቸው ነበር። በመንገድ ላይና በሱዳን የስደተኛ ሰፈሮች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ። በዚያ መንገድ ያለፈችን እናት ስንት ልጆች አሏት ብሎ መጠየቅና ስንት ወለደች ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። የሕይወት ታሪኳን የሚጽፍ የልጅ ልጅ ሁለቱንም ጠይቆ፣ በመሐል የቀሩትንም በስማቸው መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት። በኋላ በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን የመጡት ግን የጉዟቸው ቀን ቁርጥ ያለ ነው፤ ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው። ወንበሩ ተነቅሎ ሰው በተሞላ በአንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ተጭኗል።

 

ይህ ሁሉ ታሪክ የሚነገረው በለቅሶ ላይ ነው። እናት ስታርፍ ሞቷ ለቅርብ ዘመድ በስልክ ባይነገር ይመረጣል። ሽማግሌዎች በማለዳ በር አንኳኩተው፣ ዘመዱን አስቀምጠውና አረጋግተው መርዶውን ያረዱታል። ከዚያ ከየከተማው ለቀስተኛ ይጎርፋል፤ ከረሆቮቱ የክርያት ሞሼ ሰፈር፣ ከነታንያ፣ ከአሽዶድ። ሰባቱ የሐዘን ቀን ያልፋል፣ ተዝካሩ ይደርሳል፣ ቄሶች ይጸልያሉ። ሙሾ አውራጇ የሟቿን ዘር፣ ማንን እንዳሳደገች፣ ማንን እንዳበላች በግጥም ትደረድራለች። የአንዲት እናት ሙሉ ታሪክ ከዚህ በተሻለ የሚሰማበት ጊዜ የለም። ችግሩ በእስራኤል የተወለዱት የልጅ ልጆች ብዙዎቹ አማርኛው ወይም ትግርኛው ጠልቆ ስለማይገባቸው፣ ሌላው ሲያለቅስ ምን እንደተባለ አጠገባቸው ያለውን ሰው መጠየቃቸው ነው።

ማሳደግ ሲባል የአያት ድርሻ ትልቅ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የቁንጅና ዘውድን በመድፋት የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ይትይሽ አይናው፣ ወላጆቿን አጥታ በ12 ዓመቷ እስራኤል ስትገባ የተቀበሏት ነታንያ የሚኖሩ አያቶቿ ነበሩ።

ከአያት ጋር የሚሄደው ትልቁ ነገር ግን የዘር ቆጠራው ይመስላል። ቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ቤት ድረስ አይጋቡም። ወጣቶች ሲተጫጩ ወደ አያት ይደወላል፤ እሷም በአባትም በእናትም በኩል ቆጥራ ይዛመዳሉ ወይም አይዛመዱም ትላለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራ ስለነበር ሐረጉ በቀላሉ ይያዛል። እስራኤል ውስጥ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ግን አንዱ በአያቱ፣ ሌላው በአባቱ ስም ተመዘገበ፤ በተለያየ ጊዜ የገቡ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ የቤተሰብ ስም የሚጠሩበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያሉትን ዘመዳሞች ከመታወቂያቸው ማንም አይለያቸውም፤ አያት ግን ታውቃለች።

ለዚህ ነው ስልክ ላይ ድምፅ መቅዳት ዛሬ ነገ የማይባለው። ከዕድሜዋ ይልቅ መንደሯን፣ ውኃ የምትቀዳበትን ወንዝ፣ ያዋለደቻትን ሴት፣ ጎረቤቶቿን ከነአባታቸው ስም መጠየቅ ይሻላል። ቤተ እስራኤል ከነበሩባቸው መንደሮች አብዛኞቹ ዛሬ አንድም ቤተሰብ አልቀረባቸውም፤ እዚያ ድረስ ቢኬድ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሐረጉን የሚነግር ዘመድ አይገኝም።