ተሳቢው በምን ይቆማል?

ከባድ መኪና ከጎናችሁ ሲያልፍ፣ በመኪናውና በተሳቢው መሃል የተንጠለጠሉትን ጥምዝምዝ ቱቦዎች አይታችኋል? አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ነው። አጠገባቸው ወፈር ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞተር ጉልበት ነው፤ እኔ ግን ሰሞኑን ዓይኔ እነዚህ ላይ ቀርቷል።

ቀዩ ቱቦ የተሳቢውን የአየር ታንክ ይሞላል። ቢጫው ትእዛዝ አድራሽ ነው፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ በዚህ በኩል የሚያልፈው ግፊት፣ ተሳቢው ከራሱ ታንክ አየር ለቆ ጎማዎቹን እንዲይዝ ያደርጋል። ብልሃቱ ያለው ቀዩ ላይ ነው። ተሳቢው ተላቆ ቱቦው ቢበጠስ፣ አየሩ ሲጠፋ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛል። በእርግጥ ማንም ካልነካካው።

ገመዱ ደግሞ 7 ፒን አለው፣ የሚሠራውም በ24 ቮልት ነው። 3ኛው የግራ ፍሬቻ፣ 5ኛው የቀኝ፣ 4ኛው የፍሬን መብራት ነው። ጣጣ የሚያመጣው ግን 1ኛው፣ ኔጌቲቩ ነው። እሱ ከዛገ ወይም ከላላ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በሌላ አምፖል ይዞራል፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ብዙ ሰው አምፖል ይቀይራል። አምፖሉ ምን አጠፋ?

ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ቆሜ የሰማሁት አልረሳም። ባለንብረቱ በስልክ "በናስትሮ ጠቅልለውና ይውጣ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ቁጭ ብሏል" ይላል። ሹፌሩ ዝም አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ስልኩን ተቀብሎ "ጋሼ፣ ናስትሮውን እኔ እጠቀልለዋለሁ፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ግን ይሄ ልጅ ነው" አለው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄንን ውጫዊ ወጪ እንለው ነበር። ጥገናውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፣ አደጋውን የሚሸከሙት ግን ሹፌሩ፣ ረዳቱና ከፊት ያለው ሚኒባስ ናቸው። የባሰውም አለ፦ አየር የሚያፈስ የተሳቢ ፍሬን ሲያስቸግር ቱቦውን አጥፎ በሽቦ ማሰር። መኪናው ይሄዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የተሳቢው ድርሻ በሙሉ የመኪናው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፣ የያዘው ይለቃል። ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ መኪናውን አጥፎ ይጥለዋል።

ሹፌር ወይም ረዳት ጓደኛ ካላችሁ ይሄንን ላኩለት። አየሩ እስኪሞላ ጠብቆ ሞተሩን ያጥፋ፣ ፍሬን ረግጦ ይያዝ፣ ረዳቱ ከኋላ የሚያፈስ ድምፅ ያዳምጥ። ቀጥሎ መብራቶቹን አንድ በአንድ ያብራ፣ ረዳቱ ጮክ ብሎ ይንገረው። በመጨረሻ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ታኮ ገብቶለት፣ ቀዩ ቱቦ ይነቀል። ያኔ የተሳቢው ጎማዎች ካልያዙ፣ ያ መኪና ገና ከጋራዥ አልወጣም።