ቺንጋው ዝም ሲል ጎረቤቶቹ ይጮኻሉ

አንድ ባለመኪና ጋራዥ ገብቶ «ታይሚንጉ ይጮኻል» ሲል ልምድ ያለው መካኒክ ወዲያው አይቀበለውም፤ አለመቀበሉም ልክ ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ከጎማ የተሠራ፣ በውስጡ የፋይበር ግላስ ክር የተዘረጋበት፣ ጥርሶቹም ናይለን ጨርቅ የለበሱ ነገር ነው። ጥርስ ስላለው እንደ ዲናሞ ቺንጋ ተንሸራቶ ሲጢጥ አይልም። ሲበጠስም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። በዚያ በኩል የሚሰማው ጩኸት በአመዛኙ የጎረቤቶቹ ነው፦ የቴንሽነሩ፣ የፑሌጃው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የፕላስቲክ ክዳኑ።

የቺንጋው ሥራ በአጭሩ፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ዙር እንዲዞር ሁለቱን ማስተሳሰር ነው። ቫልቮቹ በሰዓታቸው የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚህ ነው። ቀድሞ ይህን የሚሠራው ሰንሰለት ወይም የብረት ጥርስ ነበር። የጀርመኑ ግላስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ማምረት በጀመረው ግላስ 1004 ላይ የጎማ ቺንጋ ካስገባ በኋላ ሌሎችም ተከተሉት፤ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ዘይት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም።

ከተበጠሰ የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ሞተሩ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው የቀድሞ ኮሮላ ሞተር ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ፒስተኑ ቫልቩን አይነካውም። ዶልፊን የምንላቸው ሚኒባሶች የሚይዙት የዲዝል ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን እጅግ አጭቆ ስለሆነ በፒስተኑና በቫልቩ መካከል የሚተርፍ ቦታ የለውም። ቺንጋው ሲሄድ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታል፤ ቴስታታ ማውረድ ይከተላል።

ወደ ድምፁ እንመለስ። ጠዋት በብርድ ሲነሳ «ሲጢጥ» ብሎ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ተጠርጣሪው የውጭው፣ የዲናሞው ቺንጋ ነው። መካኒኮች ጥቂት ውሃ ይረጩበታል። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ መስመር ስተዋል፤ ይባስ ከጮኸ ቺንጋው ላልቷል። ነዳጅ ሲሰጡት አብሮ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ሌላ ነው፤ ቅባቱ ያለቀ ኩሽኔታ ወይም ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ይሆናል። በተለይ ቺንጋ ተቀይሮ በማግስቱ የመጣ ፉጨት «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ተብሎ ሲታለፍ ሰምቻለሁ። አይለምድም፤ የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል እንጂ። ክዳኑን ከውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ደግሞ ላልቶ የሚወዛወዝ ወይም ጠርዙ የተተለተለ ቺንጋ ሊሆን ይችላል። ከቺንጋው ራሱ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ቢኖር ይኸኛው ስለሆነ፣ መኪናውን እያሽከረከሩ የሚያጣሩት አይደለም። አንዳንዴ ግን ክዳኑ አንድ ቡሎን ጎድሎት ብቻ ይገኛል።

ጩኸቱ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ለመለየት የውጭውን ቺንጋ አውልቆ ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ማስነሳት በቂ ነው። ከጠፋ ዲናሞው፣ የመሪ ፓምፑ ወይም የኤሲ ኮምፕረሰሩ ነው። ካልጠፋ ክዳኑን መክፈት ይመጣል። ማስረዘም አይገባም፤ በአንዳንድ ሞተር የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው የወለቀው ቺንጋ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ያለው ሰው እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት አስጠግቶ፣ ጫፉን በማይንቀሳቀስ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ የተበላው ኩሽኔታ ባለበት ቦታ ላይ ማጉረምረሙ ጎልቶ ይመጣል። ነጠላም ሆነ ሰፊ እጅጌ ለብሶ ግን እዚያ አካባቢ ማጎንበስ የለም።

ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ጣት የሚነግረው ይበዛል። የወለቀውን ቴንሽነር በሁለት ጣት ይዘው ሲያሽከረክሩት፣ ደህናው ግራሶው እየያዘው ዝም ብሎ ዞሮ ይቆማል። የደረቀው ግን «ቅርር» እያለ ረጅም ጊዜ ይዞራል። ብዙ ሰው ቀልጠፍ ብሎ የሚዞረውን ደህና ያደርገዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከውሃ ፓምፑ ሥር ደግሞ የደረቀ የራዲያተር ፈሳሽ ቅርፊት ከታየ ፓምፑ ማፍሰስ ጀምሯል። ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ እነዚህን አሮጌዎች መተው በኔ እምነት ቁጠባ አይባልም፤ ኩሽኔታው ከነከሰ አዲሱንም ቺንጋ ይዞት ይሄዳል።

ጩኸት ባይኖርም ቺንጋው ደህና ነው ማለት ስላልሆነ የሚተማመኑበት ኪሎ ሜትርና ዕድሜ ነው። ብዙ የቶዮታ ዲዝሎች ዳሽቦርዳቸው ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት አላቸው፤ እንደ ሞዴሉ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። አገልግሎ የመጣ መኪና ላይ ግን ቆጣሪው ተቀንሶ፣ መብራቱም ሳይሠራ ሊገኝ ይችላል። የሚያዋጣው እንደገዙ መቀየርና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ኮፈኑ ውስጥ መለጠፍ ነው። የቪትዝ ባለቤት በዚህ አይጨነቅ፤ የእሱ ሞተር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ሲረዝም በብርድ ሲነሳ ይንኳኳል፤ ያም ቢሆን ከቺንጋ ይልቅ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጣል።

ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር አለበት። ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ ሞተሩ ይነሳል፤ አንድ ጥርስ እንኳ ከዘለለ ግን ቺንጋው እንደገና ይፈታል። ይህን ሲያደርግ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነውር የለውም።