የሚያነክሰው እግር ነው ወይስ ዳሌ?

ስንራመድ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆመው በአንድ እግር ነው። ታዲያ ሌላኛው እግር ሲነሣ ዳሌ ወደዚያ በኩል ለምን አይዘምም? መሬት በረገጠው እግር በኩል ከዳሌ እስከ ጭን አጥንት የተዘረጉ ጡንቻዎች ስለሚይዙት ነው። የሰውነት ክብደት የሚጫነው ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ ሲሆን ጡንቻዎቹ የሚስቡት ግን ከቅርብ ነው፤ ስለዚህ ከክብደቱ አብልጠው መሳብ ግድ ይሆንባቸዋል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም መገጣጠሚያው ላይ ወደ 150 ኪሎ ያርፋል።

አንዳንድ ልጅ የጭን አጥንቱ ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ማረፊያ ወጥቶ ይወለዳል፤ በሴቶችና በመቀመጫቸው በመጡ ልጆች ላይ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከታወቀ ጭኖቹን ከፍቶ የሚይዝ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። (በአንቀልባ ጭን ከፍቶ ማዘል ለዳሌ ደግ ነው፤ የሚጎዳው እግርን አቅንቶ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው።) ሕፃኑን ስለማያመው ግን ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ልጅቷ ስታነክስም «አረማመዷ ነው» ይባላል። የአጥንቱ ራስ ሽቅብ ይሸሻል፤ ጡንቻዎቹም ላልተው አቅም ያጣሉ።

በ1895 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ ያሳየው ይህንን ነው። ቀድሞ ማንከሱ አጥንቱ በየእርምጃው ከመንሸራተቱ የመጣ ይመስል ነበር። እሱ ታካሚዎቹን በአንድ እግር አቁሞ ከኋላ ሲያያቸው፣ ዳሌያቸው በተነሣው እግር በኩል ዝቅ አለ። ድካሙ የጡንቻ ነበር።

ዳሌው እንደወጣ ያደገ ሰው ይህን ድካም ሳያስብበት ይሸፍነዋል። በታመመው እግር ሲረግጥ ደረቱን ወደዚያው ያዘነብላል፤ ክብደቱ ወደ መገጣጠሚያው ስለሚጠጋ ጡንቻው ይቀለዋል። እንግዲህ ማንከስ ራሱ የሰውነት ዘዴ ነው፤ ዕዳው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል። ሁለቱም ዳሌ ከወጣ ወገብ ወደ ፊት ይለመጥና ያማል። አንዱ ብቻ ከሆነ እግሩ ያጥራል፣ ተረከዝ መሬት አይነካም፣ ጉልበትም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የዳሌ ሕመም ብሽሽት ላይ ወይም ጉልበት ላይ ብቻ ሊሰማ ስለሚችል፣ ጉልበቱን ሲታከም የሚከርም ሰው አለ። ከዘራም ቢሆን የሚያግዘው በጤነኛው ጎን እጅ ሲያዝ ነው።

መገጣጠሚያው ፈጽሞ ካለቀ በሰው ሠራሽ መተካት ይቻላል። ለዓመታት ሽቅብ የሸሸውን አጥንት ወደ ቦታው መመለስ ግን ከባድ ነው፤ እግሩ በአንድ ጊዜ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ ከኋላ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የሰነፈው ጡንቻም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለወራት የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ይፈልጋል።